መድኃኒት የሌለው አጎበር

ለቡ መብራት ኃይል፣ በኅዳር ወር

ይድረስ ለልጄ አሳዳሪ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ቤትሽ፣ ከብትሽ፣ ማሳሽ ሁሉ ደህና ነው? የዘንድሮው ዝናብ በየጉድጓዱ ውሃ አቁሮ ንዳዱን አበርትቶባችኋል ሲሉ ሰምቼ ስለ ሁላችሁም እጸልያለሁ። ካንቺ ይልቅ ስለ ልጄ አስረዝሜ እንደምጸልይ ግን አልደብቅሽም። እኔ ለክፉ አልሰጥም። ብርዱ ጉልበቴን ይይዘኛል፤ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ዓይኔ ማስቸገር ጀምሯል፤ ሌላው ደህና ነው፤ የአንጀቴን ነገር ካልቆጠርነው።

አንቱ ልልሽ እንደሚገባ አውቃለሁ። አይቼሽ የማላውቅ ሴት ነሽ፤ ነውር ነው። «እንደምን ሰንብተዋል» ብዬ ጀምሬም ነበር፤ መልሼ ወረቀቱን ቀደድኩት። ሁለት ሴቶች አንዱን ልጅ «ልጄ፣ ልጄ» እያሉት በመካከላቸው አንቱታ ከየት ይመጣል? ያሕያም በዕድሜ እኩያዬ እንደምትሆኚ ነግሮኛል። ያሕያ ያልኩሽ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ፣ አጎበር ጭኖ እናንተ ጋ የሚመላለሰው ሾፌር ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ካንቺ በፊት ነው የማውቀው። ቤቱ ፉሪ ነው፤ የሳሎኑን መጋረጃ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።

በስልክ ልናገርሽ እችል ነበር። በስልክ ከሆነ ግን ኔትወርኩ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ መልእክት የሚያቀባብለን ልጄ ሊሆን ነው፤ ልጄ ደግሞ ያልተመቸውን ቃል ዋጥ አድርጎ ያልፋል፤ ከልጅነቱም እንዲሁ ነው። አማርኛ ትሰሚያለሽ እንጂ አታነቢም አሉኝ። ስለዚህ ለያሕያ «ለልጄ ለሚሳኤል እንዳትሰጠው፤ ሴት ልጇ ሶሬቲ ታንብብላት» ብዬዋለሁ። ሶሬቲ፣ ያልወደድሽው ቦታ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ። የጻፍኩት ተቆጥቼ ቢሆንም አስቤበት ነው።

ማን እንደሆንኩ ልንገርሽ። ላፍቶ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ እሰፋለሁ። እዚህ አካባቢ ድሮ ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ሁሉ ፎቅ አብቅሏል፤ ፎቅ ሲበዛ መስኮት ይበዛል፤ መስኮት ሲበዛ እኔ እበላለሁ። ሠርግ የሚበዛበት ወር ሲመጣ ደግሞ አጎበር እሰፋለሁ። እኛ ጋ ወባ የለም፤ ብርዱ ትንኝ አያኖርም። አጎበር እኛ ዘንድ የሙሽራ አልጋ ጌጥ ነው። ሰው ሕይወቱን የሚያተርፍበት ነገር መሆኑን ያወቅሁት ልጄ ይህን ሥራ ከያዘ ወዲህ ነው።

አባቱ ደምሰው ካረፈ ጀምሮ ቤታችን የሁለት ሰው ቤት ነበር። ሚሳኤል የጤና ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያገኝ «እማዬ፣ ዴዴሳ ቆላ ወርጄ አጎበር አድላለሁ፤ በየቤቱ እየገባሁ አሰቃቀሉን አሳያለሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ እመለሳለሁ» አለኝ። ክረምቱ ወጣ። ሌላ ክረምት ገባና እሱም ወጣ። አጎበሩ የሚጫንበት የለቡ መጋዘን ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ አንዳንድ ጠዋት ወደ ሱቅ ስሄድ መንገዴን አጣምሜ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ወዛደሮቹ አጎበሩን በቦንዳ በቦንዳ ተሸክመው መኪና ላይ ሲወረውሩት ቆሜ አያለሁ። የሰው ነፍስ የሚያድን ዕቃ መሆኑን አውቃለሁ፤ በእያንዳንዱ ቦንዳ ሥር ስንት ሕፃን እፎይ ብሎ እንደሚተኛ ልጄ ነግሮኛል። እኔ ግን ቦንዳው ሲወረወር የማስበው «ይሄም ልጄን ያቆይብኛል» ብዬ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ምናለ አሁንስ አልቆ በሆነ እላለሁ። ያሕያን «የዴዴሳ ሰው ሁሉ አጎበር አላገኘም ገና?» ስለው ይስቅብኛል። የፈራሁትን በግልጽ ልጻፍልሽ። ልጄ አይመለስም ብዬ ነው የፈራሁት።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣብኝ በስልክ ነው። እያወራን ሳለ አንዲት ሴት ከሩቅ ስትጣራ ሰማሁ። እሱም ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ «አዮ፣ መጣሁ!» አላት። አዮ ማለት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «እናቴ ማለት ነው» አለኝ፤ የቤት ቁልፍ የት እንዳለ እንደሚናገር ሰው ቅልል ብሎት። የኔን ስም ለሌላ ሴት ሰጥቶ ሲጠራት በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ ማለት ነው። ያን ቀን የደንበኛ መጋረጃ አጣምሜ ቆረጥኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ቀጥሎ ጩምቦው መጣ። «እማዬ፣ ጩምቦ በልተሽ ታውቂያለሽ? ቂጣው ከመራሱ የተነሳ ቅቤው እኮ በክንድሽ ላይ ይወርዳል!» ይለኛል። የኔን ሽሮ በልቶ ያደገ ልጅ! ፎቶ ላከልኝ፤ ጉንጭ አውጥቷል። ስንት ዓመት ሙሉ «ብላ፣ አንዴ ብቻ ጉረስልኝ» እያልኩ የለመንኩት ልጅ ባንቺ እጅ ጉንጭ አወጣ። ከሱቄ አጠገብ አልጋ ልብስ የምትሸጥ ተሾመች የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ፎቶውን አሳየኋት። «አማረበት እኮ! ደስ አይልሽም እንዴ?» አለችኝ። ደስ አላለኝም። ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም፤ ቅናት ነው።

ከዚያ ታመመ። የነገረኝ ከዳነ በኋላ ነው። ለካስ አጎበር አዳዩ የራሱን አጎበር ለአንዲት እመጫት ሰጥቶ ባዶውን ሲተኛ ከርሞ ኖሯል። ንዳዱ ሲጥለው አንቺ ጨርቅ እያራስሽ ግንባሩ ላይ ስታደርጊ እንዳደርሽ፣ ክኒኑን በሰዓቱ እንዳዋጥሽው፣ ቀና ሲል ደግሞ የራስሽን አጎበር ከአልጋሽ ላይ ፈትተሽ በገዛ እጅሽ እንደሰቀልሽለት ነገረኝ። እግዜር ይስጥሽ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፤ ሁለተኛ ባልደግመው አትቀየሚኝ። ምክንያቱም የሚቀጥለውን ስሚ። ልጄ ሳያስበው አንድ ነገር አመለጠው፤ «ስቃዥ እማዬ፣ እማዬ እያልኩ ስጣራ አዮ አቤት ትለኝ ነበር» አለኝ።

አቤት ማለት የኔ ነበር። ሕፃን ሆኖ ሲያስለው፣ ተማሪ ሆኖ በቅዠት ሲጮህ፣ ከእንቅልፌ ሳልነቃ እንኳ አፌ አቤት ይለዋል። ልጄ እኔን ጠርቶ አንቺ መልሰሽለታል፤ ያዳነውም የመለሰለት ነው። ይህን ሰምቼ የስፌት መኪናዬን ገፍቼ ተነሳሁ፤ ተሾመች «ምን ነካሽ?» ብትለኝ መርፌ ወጋኝ አልኳት።

እንግዲህ ሌላ ነገር ማሰብ ተሳነኝ። ልጄ ማታ ማታ ዓይኑን ሲከድን መጨረሻ የሚያየው አንቺ የሰቀልሽውን ነው፤ ጠዋት ሲነቃም መጀመሪያ የሚያየው እሱኑ ነው። የመጋረጃ ሰፊ ልጅ ሆኖ ለምን በሰው አጎበር ይተኛል? ደወልኩለትና የአልጋህን ስፋት ለክተህ ንገረኝ አልኩት።  ለክቶ ሲደውል «ሜትር ከሃምሳ» አለኝ። እኔ ጋ ትቶት የሄደው አልጋ ዘጠና ነው። ያን ያህል ምን ያደርግልሃል ብዬ አልጠየቅኩትም። ደንበኛ ያለኝን ነው የምቆርጠው፤ ሜትር ከሃምሳ አለኝ፣ ለሜትር ከሃምሳ ቆረጥኩ።

ነጭ ስስ ቱል መረጥኩ፤ ከሱቁ ውስጥ ጥሩ የተባለውን። ጠርዙን በዳንቴል ከበብኩት፤ ዳንቴሉ ላይ ጥንድ ርግቦች ጣልኩበት። ርግቦቹን ለምን እንደጣልኩ አትጠይቂኝ፤ እጅ የለመደውን ይሠራል። ተሾመች በበሩ አንገቷን አስግጋ «ይሄ ደግሞ የየትኛዋ ሙሽራ ነው?» አለችኝ። «ልጄ ከትንኝ የሚድንበት ነው» አልኳት። «ታድላ ትንኟ!» ብላ ሳቀችብኝ።  አጣጥፌ በላስቲክ አሸግኩና ከሚታደለው አጎበር ጋር በያሕያ መኪና ተጭኖ ወረደ። ያሕያን ያዘዝኩት ይህን ነው፤ «ለሚሳኤል በእጁ እንዳትሰጠው። ለቤቱ እመቤት ስጣት፤ ሰው በተሰበሰበበት ስጣት፤ የሚሳኤል እናት በእጇ ሰፍታ የላከችው ነው በላት።» እናት እንዳለው እንድታውቂ ብዬ ነው። ጎረቤትሽም ሁሉ እንዲያውቅልኝ።

ከዚያ የሆነውን አንቺ ነበርሽበት፤ እኔ ግን በሰማሁት አኳኋን ልንገርሽ፤ ከወዲህ ሲታይ ምን እንደሚመስል እወቂው። ያሕያ ሲደርስ የመንደሩ ሰው አጎበር ሊቀበል ደጅሽ ተሰብስቧል፤ የባልሽ ወንድም ኦቦ ጉርሜሳ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ያሕያ እንዳዘዝኩት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ ከሚሳኤል እናት ነው፤ በእጇ ሰፍታ ለዚህ ቤት የላከችው ነው» አለ። ላስቲኩ ሲቀደድ ነጩ ነገር እየተዘረጋ፣ እየተዘረጋ ወጣ። እናንተ የምታውቁት አጎበር ዳንቴል የለውም፤ ርግብም የለበትም። ሴቶቹ ጠርዙን እየዳሰሱ እርስ በርስ ተያዩ። ያሕያ «ያልወደዱት መሰለኝ» ይላል። ከዚያ አንዷ እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። ኦቦ ጉርሜሳ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱና «የልጁ እናት እጇን ዘረጋችልን፤ እኛም እጃችንን አናጥፍም» ብለው መረቁ። ያሕያ ነገሩ ወዴት እንደሄደ ሲገባው «ኧረ ይሄ ለትንኝ ነው!» ሊል አፉን ከፈተ፤ በከፈተው አፍ ጩምቦ አጎረሱት።

በቃ፣ እኔ ልጄን ወደኔ ልስብ ብዬ የላክሁትን እናንተ ልጃችሁን ልጠይቅ የላክሁት ጥሎሽ አድርጋችሁ ተቀበላችሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነው።

ሚሳኤልስ? እሱና ሶሬቲ ከቤት ቤት ሲያድሉ ውለው፣ የተረፈውን ተሸክሞ እልልታው መሀል ደረሰ። አጎበሩን አየ። የኔን ዳንቴል መቼም አይስተውም፤ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ነው ፊደል የቆጠረው። ደጃፉ ላይ ቆመ። አንዲት ቃል ቢናገር ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሰው ይስቃል፣ ይበተናል፤ እኔም እዚህ በሰላም እሰፋለሁ። አልተናገረም። ያሕያ ሲነግረኝ «አንገቱን ደፋ፤ ደፍቶ ግን ይስቅ ነበር» አለኝ።

ያሕያ ሲመለስ በቅል ቅቤሽን፣ በጀሪካን ማርሽን፣ በአፉ ደግሞ «እጅሽን ተቀብለናል፤ ቀን ቁረጪ» የሚለውን መልእክትሽን ይዞልኝ መጣ። ቅቤሽ የደረሰው የገና ጾም በያዝን ሰሞን ነው። እናንተ ጾሙን እንደኛ አትይዙትም ስለተባልኩ አልተቀየምኩም፤ ሳልነካው አስቀምጬዋለሁ። ማሩንም ላልቀምስ ወስኜ ነበር፤ መልሼ ቀመስኩት። ጥሩ ማር ነው። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለመጻፍ ከሁሉ የቸገረኝ ይህ ነው።

በማግሥቱ ልጄን ፈለግሁት። እናንተ ጋ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ሲወጣ አይደል፤ እስኪወጣ ጠብቄ፣ እያለከለከ ሲያነሳው ጮህኩበት። «ምን ይዘጋሃል? ስህተት ነው አትላቸውም ነበር?» አልኩት። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ያፏጫል። ቆይቶ «እማዬ፣ ስህተት ነው እንዴ?» አለኝ። በቁጣ ቢለኝ እሰድበው ነበር። ቀስ ብሎ ነው የጠየቀኝ፤ መልሱን ከኔ የሚጠብቅ ሰው አጠያየቅ ነው። መስመሩ ተቋረጠብን ልልሽ እችል ነበር። አልተቋረጠም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ያሕያን ስለ ልጅሽ ስጠይቀው ሰነበትኩ። ነቀፋ ፍለጋ ነበር። ሶሬቲ፣ አሁን ስላንቺ ነው፤ ድምፅሽን ሳትቀንሺ አንብቢው። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መሆንሽን፣ ሚሳኤልን ይዘሽ የምትዞሪው አንቺ እንጂ እሱ አንቺን አለመሆኑን ነገረኝ። ይህ ነቀፋ አይሆንም። ቀጠልኩ። አንድ ሽማግሌ የተሰጣቸውን አጎበር ዶሮ ጎመኔን በላብኝ ብለው መደባቸውን አጥረውበት አገኛችኋቸው አሉ። ልጄ ወረቀቱን አውጥቶ ስለ ወባ መተላለፊያ ሊያስተምራቸው ሲጀምር አንቺ መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ብለሽ «አባቴ፣ ንዳድ የያዘው የትኛው ጎመን ነው? ያሳዩኝና ክኒን ልስጠው» አልሻቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ስቀው አጥሩን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ያሕያ ይህን ሲነግረኝ ከንፈሬ አምልጦኝ ነበር፤ ቶሎ ሰበሰብኩት። ልጄ ቆሞ ሲስቅ ታየኝ። አባቱ ካረፈ ወዲህ እኔና እሱ ቤት ውስጥ ስንስቅ ትዝ አይለኝም።

አንድ መልእክትሽ ግን ከንክኖኛል። «እማማ የላኩት አጎበር በጣም ያምራል፤ ግን መድኃኒት የለውም፤ ትንኝ ብታርፍበት አትሞትም። ዓይኑም ሰፊ ነው» ብለሻል አሉ። እኔ የሰፋሁትን! የላፍቶ ሙሽሮች የተሞሸሩበትን!  ከተረፈው ቱል ቁራጭ አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ትንኝ ቀርቶ ዝንብ ይሾልክበታል። ልክ ነሽ። ያናደደኝም ልክ መሆንሽ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ያለውን፣ የእናትሽን፣ ከውስጥ ስቀሉት፤ የኔን ከውጭ ደርቡት። ለሰው የሚታየው የውጭው ስለሆነ በዚህ ተስማምቻለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ የልጄ አሳዳሪ። «ስህተት ነው፤ ጥሎሽ አልላክሁም፤ ለትንኝ ነው» ብዬ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ነበር። ብጽፈው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ልጄ እኔን በሰው ፊት አያሳፍርም። ሻንጣውን ይዞ በያሕያ መኪና ይመጣል፤ ቤቴ ይገባል፤ የምለምንሽ ነገር ሁሉ ይሆንልኛል። ይመጣና በዚያ ዘጠና አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ያን ጀርባ አውቀዋለሁ፤ አባቱን የቀበርን ሰሞን ስንት ቀን አይቼዋለሁ። ሻይ አስቀምጬለት ይቀዘቅዛል። ልጄን ቤቴ አግኝቼው ጀርባውን ብቻ ከማይ... ሳልጨርሰው ብተወው ይገባሻል።

ደስ ብሎኝ ነው እንዳትይ። ይህ ሁሉ ላንቺ ትርፍ ነው። ሰው ሴት ልጁን ሲድር አንድ ሰው ከቤቱ ይወጣል፤ አንቺ ድረሽ አንድ ሰው ይጨመርልሻል። ሁለቱም እዚያው ካንቺ ጋር ናቸው፤ ጠዋት «እንዴት አደርሽ አዮ» የሚሉሽ ሁለት ይሆናሉ። እኔ ደግሞ ወንድ ልጅ ወልጄ ድሬ ባዶ አልጋ ይተርፈኛል። ፍርዱን ላንቺ ትቻለሁ፤ አንቺም እናት ነሽ።

እንግዲህ ቀን ቁረጪ ላልሽኝ መልሴ ይኸውልሽ። ከጥምቀት በኋላ ይሁን፤ ጾሙ ይፈታል፤ ቅቤሽም ያኔ ይበላል። ከዚያ በፊት ሚሳኤል ሶሬቲን ይዟት ይምጣልኝ። ላፍቶን ታየዋለች፤ ብርዱንም ትቅመሰው። የሠርግ ልብሷን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ልኬቷን በገዛ እጄ እወስዳለሁ፤ በዚህ ከማንም ጋር አልደራደርም። በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ይሁን በእኛ የሚለውን ደብዳቤ አይጨርሰውም፤ ኦቦ ጉርሜሳም ባሉበት ፊት ለፊት ተቀምጠን እንነጋገራለን። አዮ ማለቱንም ይበልሽ፤ ከልክዬ የትም አልደርስም። ሲያመው ግን የዚያኑ ቀን ይነገረኝ፤ ከዳነ በኋላ የሚነገራት እናት አታድርጉኝ።

ለሠርጉ እኔው ራሴ በያሕያ መኪና እወርዳለሁ። ቆላ ረግጬ አላውቅም። የት ታሳድሪኝ ይሆን ብዬ ያሕያን ብጠይቀው ሳቀ። የአጎበሩ ደንብ አንድ ለሁለት ሰው ነው አሉ፤ አንዱን ልጆቹ ይይዙታል፤ ባልሽም ባሌም አፈር ለብሰዋል፤ እንግዲህ አንቺና እኔ በአንድ አጎበር ሥር መተኛታችን ነው። መጀመሪያ ስሰማው «ሞቼ ነው!» ብዬ ነበር። ከዚያ ሳስበው ዋልኩ። እሺ፣ እንተኛለን። ጨለማ ውስጥ መተያየትም የለብን። የሚሳኤልን ልጅነት እነግርሻለሁ፤ መቼ እንደሄደ፣ ምን እንደሰበረ፣ ማንን እንደፈራ፤ አንቺ ያላየሽው ብዙ አለ፤ ስሚና ቅኚ። እኔ ሳወራ ሲደክመኝ ደግሞ አንቺ ትቀጥያለሽ። እነዚህን ሁለት ክረምቶች አልነበርኩም። ምን እንደበላ፣ በምን እንደሳቀ ንገሪኝ።

ከብትሽን ከአውሬ፣ ደጅሽን ከንዳድ ይጠብቅልሽ። ያቆረውን ውሃ ሁሉ ፀሐይ ያድርቅላችሁ። ያን ሌሊት ጨርቅ ያራሰው እጅሽ ይባረክ። ልጄን ሳሚልኝ፤ አንዴ ብቻ።

እናቱ፣
የመጀመሪያዋ